በአንድ ራውተር ላይ ብዙ ሠንጠረዥ፦ የጋራ ኔትወርክን በቪአርኤፍ ስንለይ ያጋጠመኝና የተማርኩት

የምሠራው አንድን ትልቅ ሕንፃ በጋራ የሚጠቀሙ ድርጅቶችን ኔትወርክ በማስተዳደር ላይ ነው። ድርጅቶቹ እርስ በርሳቸው የሥራ ግንኙነት የላቸውም፤ አንዱ የሌላውን ኮምፒውተር ማየትም አይገባውም። ይሁን እንጂ ኬብሉ፣ ስዊቹ፣ ራውተሩና ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው መስመር የሁሉም ነው። በዚሁ መሠረተ ልማት ላይ ደግሞ የሕንፃው የጥበቃ ካሜራዎችና የበር መቆጣጠሪያዎች፣ የክፍያ ማሽኖች፣ እንዲሁም የእንግዶች ዋይፋይ ያልፋሉ። ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱን ራውተር ገዝቶ የራሱን ኬብል መዘርጋት ገንዘቡም ቦታውም የሚፈቅደው ስላልነበረ፣ አንድን ራውተር እንደ ብዙ ራውተር የሚያሠራውን ቪአርኤፍ የተባለውን አሠራር ለመጠቀም ወሰንን። ከዚያ ወዲህ ያየሁትን፣ የሳትኩትንና ያረምኩትን የምጽፈው በተመሳሳይ ሥራ ላይ ያለ ሰው እኔ ሁለት ጊዜ የወደቅኩበትን ጉድጓድ አስቀድሞ እንዲያየው ብዬ ነው።

ከቪአርኤፍ በፊት ትራፊኩን የምንለየው በቪላን ብቻ ነበር። ቪላን በስዊች ደረጃ የሚሠራ መለያ ነው፤ በ802.1ኪው መስፈርት መሠረት በእያንዳንዱ ፍሬም (በስዊቹ በሚያልፍ የመረጃ ጥቅል) ላይ የ12 ቢት መለያ ቁጥር ስለሚለጠፍ እስከ 4094 የሚደርሱ ቪላኖችን መጠቀም ይቻላል። በአንድ ቪላን ውስጥ ያለ ኮምፒውተር የሌላውን ቪላን ፍሬም አያይም፤ እስከዚህ ድረስ መለያየቱ እውነተኛ ነው። ችግሩ የሚጀምረው የሁሉም ቪላኖች ጌትዌይ (ወደ ሌላ ኔትወርክ መውጫ በር) አንድ ራውተር ሲሆን ነው። ራውተሩ በእያንዳንዱ ቪላን ውስጥ አንድ ኢንተርፌስ (መገናኛ ጫፍ) ስላለው ሁሉንም ሰብኔቶች (የየቪላኑን የአድራሻ ክልሎች) በቀጥታ እንደተገናኙት ቆጥሮ በአንድ ሠንጠረዥ፣ ማለትም የትኛው አድራሻ በየት በኩል እንደሚገኝ በሚያሳይ መዝገብ፣ ይመዘግባቸዋል፤ ማንም ሳያዝዘውም ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻግራል። የተሠራበት ዓላማ ይኸው ነውና። ስለዚህ በስዊቹ ላይ የለየነውን በራውተሩ ላይ መልሰን እናገናኘው ነበር፤ ከዚያም ያገናኘነውን በአክሰስ ሊስት (የሚያልፈውንና የሚታገደውን በሚዘረዝር የራውተር ሕግ) ለማገድ ስንደክም እንውላለን።

አክሰስ ሊስቱ ሲጀመር አጭር ነበር። አዲስ ተከራይ በገባ ቁጥር፣ አዲስ ሰብኔት በተጨመረ ቁጥር፣ ይህ ወደዚያ አይሂድ የሚል መስመር በየኢንተርፌሱ መጨመር ስለነበረበት፣ ውሎ አድሮ ዝርዝሩ ማንም ሰው ከላይ እስከ ታች አንብቦ ትርጉሙን በእርግጠኝነት ሊናገር የማይችልበት ደረጃ ላይ ደረሰ። በዚህ መሐል ለካሜራዎቹ ሁለተኛ መቅጃ ተገዛና 192.168.50.0/24 የሚል አዲስ ሰብኔት ተሰጠው። ኢንተርፌሱን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ቪላኑን፣ አድራሻውንና መግለጫውን በጥንቃቄ ከጻፍኩ በኋላ በእንግዶቹ ኢንተርፌስ ላይ ባለው አክሰስ ሊስት ውስጥ የአዲሱን ሰብኔት ማገጃ ሳልጨምር ቀረሁ። የተበላሸ ነገር አልነበረም፤ ማንቂያም አልጮኸም፤ ካሜራዎቹም በትክክል ይቀርጹ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ እንግዳ ወደ መቀበያው መጥቶ ስልኩን አሳየን። በቤቱ ያለውን መሣሪያ ለማየት በለመደው አድራሻ ሲገባ፣ የማያውቀው የካሜራ መቅጃ የይለፍ ቃል መጠየቂያ ገጽ መጥቶለታል። አድራሻው በአጋጣሚ ከእኛ መቅጃ አድራሻ ጋር አንድ ነበር። ሰውየው ቅን ስለነበረ ነገሩን ነገረን፤ ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ብሎ የይለፍ ቃል ሊሞክር ይችል ነበር። በዚያ ቀን ማታ አክሰስ ሊስቱን ማረም ጥቂት ደቂቃ የፈጀ ሥራ ነበር፤ እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌሎች ስንት እንዲህ ያሉ ቀዳዳዎች እንዳሉ የማውቅበት መንገድ አለመኖሩ ነው።

ቪአርኤፍ የሚለው ስም ቨርቹዋል ራውቲንግ ኤንድ ፎርዋርዲንግ የሚለው አጠራር ምኅፃረ ቃል ነው። አንዳንድ አምራቾች በሌላ ስም ይጠሩታል፤ በጁኒፐር መሣሪያዎች ላይ ለምሳሌ ራውቲንግ ኢንስታንስ በሚለው ሥር ታገኙታላችሁ። ራውተሩ አንድ ሠንጠረዥ ብቻ መያዙ ቀርቶ ለእያንዳንዱ ቡድን የተለየ የራውቲንግ ሠንጠረዥና ከእሱ የሚወጣ የተለየ የማስተላለፊያ ሠንጠረዥ ይይዛል። እያንዳንዱ ኢንተርፌስ ለአንድ ቪአርኤፍ ብቻ ይመደባል። በዚያ ኢንተርፌስ የገባ ፓኬት (አድራሻ ያለው የመረጃ ጥቅል) መድረሻው የሚፈለገው በዚያው ቪአርኤፍ ሠንጠረዥ ውስጥ ነው፤ እዚያ ካልተገኘ ይጣላል። 10.20.4.15 የሚል አድራሻ ያለው የእንግዳ ስልክ ወደ 192.168.50.10 ፓኬት ቢልክ፣ ራውተሩ በእንግዶች ሠንጠረዥ ውስጥ የካሜራዎቹን ሰብኔት አያገኘውም፤ ያ ሰብኔት በዚያው ራውተር ላይ በሌላ ኢንተርፌስ መኖሩ ለዚህ ፓኬት ምንም ትርጉም የለውም።

የዚህ አሠራር ዋና ጥቅም ለእኔ የታየኝ ስህተት ሲሠራ ነው። በአክሰስ ሊስቱ ዘመን መርሳት በር ይከፍት ነበር፤ በቪአርኤፍ ግን መርሳት በር ይዘጋል። አዲስ ሰብኔት ከፍቼ ከሌላ ቡድን ጋር ማገናኘት ብረሳ፣ የሚሆነው ነገር አንድ ሰው ደውሎ አልሠራልኝም ማለቱ ነው። የሚደወልለት ስህተት ደግሞ ማንም ከማያየው ስህተት ይሻላል። እርግጥ ነው ኢንተርፌሱን በተሳሳተ ቪአርኤፍ ውስጥ የከተተ ሰው አሁንም ሊያገናኝ ይችላል፤ ነገር ግን ይህ በአንድ መስመር ላይ የሚታይ፣ በአንድ ትእዛዝ የሚጣራ ስህተት ነው።

መጀመሪያ አምስት ቪአርኤፎችን አዘጋጀን፤ ሁለቱ ለሁለት ትልልቅ ተከራዮች፣ አንዱ ለካሜራዎችና ለበር መቆጣጠሪያዎች፣ አንዱ ለክፍያ ማሽኖች፣ አንዱ ለእንግዶች። እዚህ ላይ ለጀማሪ የምመክረው ቁጥሩን እንዳያበዛ ነው። ሁለት ቡድኖች ቀኑን ሙሉ እርስ በርስ የሚነጋገሩ ከሆነ በሁለት ቪአርኤፍ መክፈል ትርፉ ድካም ነው፤ ለይተናቸው ስናበቃ መልሰን ብዙ ማገናኛ ራውት (ከአንዱ ሠንጠረዥ ወደ ሌላው የሚያደርስ የመንገድ መመሪያ) ልንጽፍላቸው ነውና። በአንድ ድርጅት ውስጥ ባሉ ክፍሎች መካከል መጠነኛ ገደብ ለማድረግ ፋየርዎል ወይም አክሰስ ሊስት ይበቃል። ቪአርኤፍ የሚያስፈልገው በመሠረቱ መተያየት የሌለባቸውን ለመለየት ነው።

ኢንተርፌሶቹን ማዛወር የጀመርነው ሰው በማይሠራበት ሌሊት ነበር። እኔ በምሠራባቸው ራውተሮች ላይ አንድን ኢንተርፌስ ወደ ቪአርኤፍ ስታስገቡት በላዩ ላይ የነበረው አይፒ አድራሻ ወዲያውኑ ይሰረዛል፤ ራውተሩም አድራሻው መነሣቱን በአንድ መስመር ይነግራችኋል። መመሪያው ላይ አንብቤዋለሁ፤ ነገር ግን የመጀመሪያውን ትእዛዝ የሰጠሁት እኔ ራሴ ከሩቅ በገባሁበት ኢንተርፌስ ላይ ነበር። መልእክቱን ለማንበብ እንኳ አልበቃሁም፤ መስኮቱ ባለበት ደርቆ ቀረ። ሕንፃው ድረስ ሄጄ በኮንሶል ኬብል (በቀጥታ ራውተሩ ላይ በሚሰካ ገመድ) እስክገባ ድረስ አንድ ተከራይ ሙሉ በሙሉ ከኔትወርክ ውጭ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር ሳላደርግ እንዲህ ያለ ሥራ አልጀምርም። አንደኛው፣ ቪአርኤፉን የማስገባቱንና አድራሻውን መልሶ የመስጠቱን ትእዛዞች አስቀድሜ በአንድ ፋይል ጽፌ፣ ፋይሉን ወደ ራውተሩ ገልብጬ ከዚያው እንዲያነበው ማድረግ ነው፤ በዚህ መንገድ የእኔ መስመር ቢቋረጥም ራውተሩ ቀሪውን ይጨርሰዋል። ሁለተኛው፣ ራውተሩ ከ10 ደቂቃ በኋላ ራሱን አጥፍቶ እንዲነሣ ቀጠሮ መስጠትና ሥራው መሳካቱን እስካይ ድረስ ኮንፊገሬሽኑን (የራውተሩን ቅንብር) አለማስቀመጥ ነው። ከተሳካ ቀጠሮውን እሰርዛለሁ፤ ካልተሳካና በሩ ከተዘጋብኝ ራውተሩ በድሮው ኮንፊገሬሽን ይነሣል።

ከማዛወሩ ማግስት የመጣው ግራ መጋባት በአብዛኛው የእኛው ልማድ ያመጣው ነበር። ባልደረባዬ ከራውተሩ ላይ ሆኖ ወደ አንዱ ተከራይ ሰርቨር ፒንግ ሲያደርግ (መኖሩን ለማወቅ መልስ የሚጠይቅ ፓኬት ሲልክ) መልስ ስላጣ ሰርቨሩ ጠፍቷል ብሎ ሪፖርት አደረገ፤ ሰርቨሩ ግን ደኅና ነበር። ፒንግ የትኛውን ቪአርኤፍ እንደሚጠቀም ካልተነገረው በዋናው ሠንጠረዥ (የየትኛውም ቪአርኤፍ ባልሆነው) ይሄዳል፤ በዋናው ሠንጠረዥ ውስጥ ደግሞ ያ ሰብኔት አሁን የለም። ይህ የራውተሩን የራሱን አገልግሎቶች ሁሉ ይመለከታል። የሰዓት ማስተካከያው፣ ሎግ የሚላክበት ሰርቨር፣ የክትትል ሶፍትዌሩ ጥያቄ፣ የአስተዳዳሪዎች መለያ የሚረጋገጥበት ሰርቨር፣ ሁሉም በየትኛው ቪአርኤፍ እንደሚሄዱ በግልጽ መነገር አለባቸው። የኮምፒውተሮችን የአይፒ አድራሻ ጥያቄ በሌላ ሰብኔት ወዳለ ሰርቨር የሚያስተላልፈው የዲኤችሲፒ ሪሌይም ሰርቨሩ በሌላ ቪአርኤፍ ውስጥ ካለ እንዲሁ። እኛ ሎጉን ረስተነው ስለነበር ለአንድ ሳምንት ያህል ከራውተሩ ምንም ሎግ አልመጣም፤ ዝምታውንም የሰላም ምልክት አድርገን ቆጠርነው። በኋላ ለአስተዳደር ሥራ ብቻ የሚሆን ስድስተኛ ቪአርኤፍ ከፍተን እነዚህን አገልግሎቶች በሙሉ ወደዚያ አዛወርናቸው፤ ሥራውን እንደገና ብጀምር ከሁሉም በፊት የማዘጋጀው ይህንን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ስድስቱ ቪአርኤፎች በራውተሩ ላይ በደንብ ተለያይተዋል። የየሠንጠረዡን ይዘት አንድ በአንድ አየሁ፤ በአንዱም ውስጥ የሌላው ሰብኔት አልነበረም። ሁሉም ግን ኢንተርኔት ስለሚፈልጉ በእያንዳንዱ ሠንጠረዥ ውስጥ አንድ ዲፎልት ራውት (በሠንጠረዡ ላልተገኘ መድረሻ ሁሉ የሚያገለግል መንገድ) ነበር፤ እሱም በየራሱ ቪላን አድርጎ ወደ አንድ የሊኑክስ ማሽን ይወስዳል። ይህ ማሽን የውስጥ አድራሻን ወደ ውጭ አድራሻ ተርጉሞ ወደ ኢንተርኔት የሚያወጣው የሁሉም ጌትዌይ ነው። ሥራው ተጠናቀቀ ከማለቴ በፊት ላፕቶፔን ከእንግዶች ዋይፋይ ጋር አገናኝቼ ያንኑ 192.168.50.10 ጻፍኩ። የካሜራ መቅጃው ገጽ መጣ።

ለጥቂት ጊዜ የማየውን ማመን አቃተኝ። ትሬስራውት (ፓኬት የሚያልፍባቸውን ማሽኖች የሚዘረዝር ሙከራ) ሳደርግ ግን መንገዱ ቁልጭ ብሎ ታየ፦ የመጀመሪያው ማረፊያ በእንግዶች በኩል ያለው የራውተራችን አድራሻ፣ ሁለተኛው የሊኑክሱ ጌትዌይ፣ ሦስተኛው እንደገና ራውተራችን፣ በዚህ ጊዜ ግን በካሜራዎቹ በኩል ያለው አድራሻ፣ አራተኛው መቅጃው። ራውተሩ የታዘዘውን ፈጽሟል። መድረሻውን በእንግዶች ሠንጠረዥ ውስጥ ስላላገኘው በዲፎልት ራውቱ ወደ ጌትዌዩ ላከው። ጌትዌዩ ግን አንድ ሠንጠረዥ ብቻ ነበረው፤ ከኢንተርኔት የሚመለሰውን መልስ ለየባለቤቱ ለማድረስ ሲባል የሁሉም ቡድኖች ሰብኔት በዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ ተመዝግቧል። ስለዚህ ፓኬቱን ተቀብሎ ወደ ካሜራዎቹ መለሰው። ከአክሰስ ሊስቱ ዘመን የነበረው ችግር ወደ ሌላ ማሽን ተዛወረ እንጂ አልጠፋም።

በራውተሩ ላይ ያለው መለያየት የቱንም ያህል ጥብቅ ቢሆን፣ ሠንጠረዦቹ ዳግመኛ የሚገናኙበት የመጀመሪያው ማሽን ከሚያደርገው መለያየት አይበልጥም። በጋራ ኔትወርክ ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለ ማሽን ሁልጊዜ አለ፤ የኢንተርኔት መውጫው፣ የጋራ ዲኤንኤስ ሰርቨሩ፣ የጋራ ማተሚያው፣ ወይም በሁለት ቪላን ውስጥ ሁለት የኔትወርክ ካርድ ያለው አንድ የተረሳ ኮምፒውተር ሊሆን ይችላል። ቪአርኤፍ ልትሠሩ ስትነሡ በሥዕላችሁ ላይ በመጀመሪያ ክብ የምታደርጉት ይህንን ቦታ ይሁን።

መፍትሔው መለያየቱን እስከ ጌትዌዩ ድረስ መቀጠል ነበር። ሊኑክስ ከከርነል (የሥርዓቱ እምብርት) 4.3 ጀምሮ፣ ማለትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2015 ወዲህ፣ ቪአርኤፍን እንደ አንድ መሣሪያ አድርጎ ይደግፋል፤ ቪአርኤፉን በስም ትፈጥሩታላችሁ፣ የሠንጠረዥ ቁጥር ትሰጡታላችሁ፣ ከዚያም ኢንተርፌሶቹን በሥሩ ታስገባላችሁ። ይህንን ለስድስቱም አደረግን። ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው ኢንተርፌስ በዋናው ሠንጠረዥ ውስጥ ቀረ፤ በእያንዳንዱ ቪአርኤፍ ሠንጠረዥ ውስጥ ወደዚያ የሚወስድ ዲፎልት ራውት ገባ፤ የመመለሻ ራውቶቹ ደግሞ በዋናው ሠንጠረዥ ውስጥ ተቀመጡ። ከእንግዶች ላፕቶፕ ላይ እንደገና ሞከርኩ፤ መቅጃው መልስ አልሰጠም። ኢንተርኔቱ ግን ይሠራል። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሁለተኛውን ቀዳዳ ያገኘሁት ሌላ ነገር ስሞክር በአጋጣሚ ነው። የኢንተርኔት መስመሩ ቢቋረጥ ክትትላችን በስንት ሰከንድ እንደሚያስጠነቅቀን ለማወቅ፣ አንድ ሌሊት ከጌትዌዩ ጀርባ ኬብሉን ነቀልኩት። ላፕቶፔ አሁንም በእንግዶች ዋይፋይ ላይ ነበር፤ የካሜራውን አድራሻ ያለማቋረጥ ፒንግ የሚያደርግ መስኮት ከቀኑ ሙከራ ተከፍቶ ቀርቷል። ቀኑን ሙሉ ጊዜው አልፏል ከሚል መስመር በቀር ያልታየበት መስኮት፣ ኬብሉን በነቀልኩ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ መልስ መቁጠር ጀመረ። ኬብሉን መልሼ ሰካሁት፤ መልሱ ቆመ። ነቀልኩት፤ መልሱ መጣ።

ምክንያቱ ሊኑክስ ሠንጠረዦችን የሚያይበት ቅደም ተከተል ነው። በሊኑክስ ላይ የቪአርኤፍ ሠንጠረዦችን የሚያስነብበው ሕግ ቅድሚያ 1000 ላይ ይቀመጣል፤ የዋናው ሠንጠረዥ ሕግ ደግሞ 32766 ላይ ነው። አንድ ፓኬት መድረሻውን በቪአርኤፉ ሠንጠረዥ ውስጥ ካላገኘ አይጣልም፤ ወደሚቀጥሉት ሕጎች ይወርድና ዋናውን ሠንጠረዥ ያያል። ራውተራችን ካላገኘ ይጥላል፤ ሊኑክስ ካላገኘ ፍለጋውን ይቀጥላል። ዲፎልት ራውቱ በቦታው እስካለ ድረስ ሁሉም ነገር ስለሚገኝ ይህ ልዩነት አይታይም። እኛ ግን ዲፎልት ራውቱን የምናገኘው በራውቲንግ ፕሮቶኮል (ማሽኖች መንገዶችን እርስ በርስ በሚነጋገሩበት ደንብ) ስለሆነ፣ መስመሩ ሲቋረጥ ከየሠንጠረዡ ይወጣል፤ በዚያች ቅጽበት የእንግዳው ፓኬት ወደ ዋናው ሠንጠረዥ ይወርድና የመመለሻ ራውቶቹን ያገኛል። መለያየታችን የሚሠራው ኢንተርኔት እስካለ ድረስ ብቻ ነበር ማለት ነው።

መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው፤ የከርነሉ ሰነድም ይመክረዋል። በእያንዳንዱ የቪአርኤፍ ሠንጠረዥ ውስጥ መድረሻ የለም ብሎ የሚመልስ ዲፎልት ራውት ማስገባትና ሜትሪኩን (ከመንገዶች መካከል የሚያማርጠውን ቁጥር፣ ትንሹ የሚቀድምበትን) እጅግ ከፍተኛ ማድረግ ነው፤ ሰነዱ የሚሰጠው ቁጥር 4278198272 ነው። ሜትሪኩ ከፍ የሚለው እውነተኛው ዲፎልት ራውት ሲመጣ ያለ ችግር እንዲቀድመው ነው፤ እውነተኛው ሲጠፋ ደግሞ ይህኛው ከሥር ሆኖ ፍለጋውን እዚያው ያቆመዋል። ከዚህ በተጨማሪ በጌትዌዩ ፋየርዎል ላይ ከማንኛውም ቪአርኤፍ የመጣ ትራፊክ በኢንተርኔቱ ኢንተርፌስ ካልሆነ በቀር እንዳይወጣ አገድን። ሁለቱን በአንድነት ማድረጉ ከልክ ያለፈ ጥንቃቄ የሚመስለው ሰው ካለ፣ ያንን መስኮት በዓይኔ ያየሁ ሰው ነኝ ከማለት ሌላ መልስ የለኝም።

ተመሳሳይ አድራሻ የሚጠቀሙ ተከራዮችን ጉዳይ ባጭሩ ልንካው። ለግል ኔትወርክ የተመደቡት አድራሻዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 በወጣው አርኤፍሲ 1918 በተባለው የኢንተርኔት መመዘኛ ሰነድ የተደነገጉት ሦስቱ ክልሎች ስለሆኑ፣ ሁለት ድርጅቶች 192.168.1.0/24 ይዘው መምጣታቸው የተለመደ ነው። ለቪአርኤፍ ይህ ችግር አይደለም፤ ሁለቱ ሠንጠረዦች ስለማይተያዩ ያው አድራሻ በሁለቱም ውስጥ ሊኖር ይችላል። አንዱን ተከራይ አድራሻህን ቀይር ብሎ ማስቸገር ሳያስፈልግ መቅረቱ ለእኛ ትልቅ እፎይታ ነበር። ግጭቱ ብቅ የሚለው አሁንም ሠንጠረዦቹ በሚገናኙበት ቦታ ነው፤ በጌትዌዩ ዋና ሠንጠረዥ ውስጥ ወደ 192.168.1.0/24 የሚመለሰው ራውት የማንኛው ይሁን? ስለዚህ የእነዚህን ተከራዮች አድራሻ ወደ ጋራው ሠንጠረዥ ከመድረሱ በፊት ለየብቻው ወደማይጋጭ አድራሻ መተርጎም ያስፈልጋል። እኛ ለእያንዳንዳቸው በጌትዌዩ ላይ የራሱ የኔትወርክ ኔምስፔስ (ከሌላው የተለየ የኔትወርክ ክፍል) ከፍተን ትርጉሙን በዚያ ውስጥ አደረግነው።

ከአንድ ራውተር በላይ ላለው ሰው ደግሞ ቪአርኤፍ ከአንድ ማሽን ወደ ሌላው በራሱ እንደማይሻገር መታወቅ አለበት። ፓኬቱ ከራውተሩ ሲወጣ የየትኛው ቪአርኤፍ እንደነበረ የሚናገር ምልክት በላዩ ላይ የለም። በሁለት ራውተሮች መካከል ላለው መስመር ለእያንዳንዱ ቪአርኤፍ አንድ ቪላንና አንድ ንዑስ ኢንተርፌስ (በዚያው ኬብል ላይ የሚከፈት የኢንተርፌስ ክፍል) ማዘጋጀት ግድ ይላል፤ ቪአርኤፍ ላይት የሚባለው ይህ ነው። ስድስት ቪአርኤፍና ሁለት ራውተር ሲሆን ስድስት ንዑስ ኢንተርፌስ በየጫፉ ነው፤ ይቻላል። ራውተሮቹ አሥርና ሃያ ሲሆኑ ግን ሥራው ከእጅ ይወጣል፤ ያኔ ወደ ኤምፒኤልኤስ ቪፒኤን (ፓኬቱ የየትኛው ቪአርኤፍ እንደሆነ የሚናገር ምልክት ተለጥፎበት ወደሚሄድበት አሠራር) መሄድ ይሻላል። ይህ አሠራር በየካቲት 2006 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በወጣው አርኤፍሲ 4364 የተደነገገ ነው። ጀማሪዎች አዘውትረው የሚያምታቱት በውስጡ ያሉትን ሁለት መለያዎች ነው። ራውት ዲስቲንጉሸር በ4 ባይቱ የአይፒ አድራሻ ፊት የሚቀጠል የ8 ባይት ቁጥር ሲሆን ሥራው ተመሳሳይ አድራሻዎችን ልዩ ማድረግ ብቻ ነው። የትኛው ራውት ወደየትኛው ቪአርኤፍ እንዲገባ የሚወስነው ራውት ታርጌት የሚባለው ሌላው መለያ ነው። ሁለቱን አንድ ዓይነት ቁጥር የመስጠት ልማድ ስላለ ሰው አንድ ነገር ይመስሉታል፤ መለያየትን የሚጠብቀውም የሚያፈርሰውም ግን ሁለተኛው ነው፤ በአንድ አሐዝ መሳሳት የአንዱን ደንበኛ ራውት በሌላው ሠንጠረዥ ውስጥ ይጥለዋል።

ቪአርኤፍ የማያደርጋቸውን ነገሮችም ማወቅ ይገባል። ትራፊኩን አያመሰጥርም፤ ኬብሉን መጥለፍ የሚችል ሰው የሁሉንም ያያል። መስመሩንም አይከፋፍልም፤ የካሜራዎቹ ቅጂ ሌሊት ወደ መጠባበቂያ ሲገለበጥ የክፍያ ማሽኖቹ ይዘገዩ የነበረው ሁለቱ ሠንጠረዥ ባይጋሩም ኬብል ስለሚጋሩ ነው፤ በራውተሩ ላይ ለክፍያው ቅድሚያ፣ ለካሜራው ደግሞ ጣሪያ እስክንሰጥ ድረስ ችግሩ አልተፈታም። የራውተሩ ማኅደረ ትውስታና ፕሮሰሰርም የጋራ ነው፤ አንድ ተከራይ በስህተት በሺዎች የሚቆጠሩ ራውቶችን ቢልክ ሌሎቹ እንዳይጎዱ በየቪአርኤፉ የሚገቡ ራውቶችን ቁጥር መገደብ ጠቃሚ ነው። ቪአርኤፉን በጂአርኢ ዋሻ (ፓኬትን በሌላ ፓኬት ጠቅልሎ በሚያሳልፍ መንገድ) ውስጥ የምታሳልፉ ከሆነ ደግሞ ዋሻው 24 ባይት ስለሚወስድ አንድ ፓኬት በተለምዶ ከሚይዘው 1500 ባይት ውስጥ የሚቀረው 1476 ነው። ይህ ሲዘነጋ ትንሹ ገጽ ይከፈታል፣ ፒንግም ይሠራል፣ ትልቅ ፋይል ግን መሐል መንገድ ላይ ይቆማል።

ዛሬ በየሦስት ወሩ የምናደርገው ሙከራ አለ። ስድስት ቪአርኤፍ ስላለን ከእያንዳንዱ ወደ ሌሎቹ አምስት ሲሞከር 30 አቅጣጫ ይሆናል። ላፕቶፑን በየቡድኑ ፖርት ላይ እየሰካን ወደ ሌሎቹ ጌትዌይና በውስጣቸው ወዳለ አንድ የታወቀ መሣሪያ እንልካለን፤ የምንጠብቀው በሁሉም ዝምታ ነው። አድራሻቸው አንድ በሆነው በሁለቱ ተከራዮች መካከል ስንሞክር መልሱ ከራሱ ከተከራዩ መሣሪያ ሊመጣና ሊያሳስተን ስለሚችል፣ አንዱ ብቻ ባለው ሰብኔት ውስጥ ጊዜያዊ ማሽን እናስቀምጣለን። ከዚያ የኢንተርኔቱን ኬብል ነቅለን 30ውንም እንደገና እንሞክራለን። ይህ ሁለተኛው ዙር እንዳይዘለል በቅጹ ላይ በተለየ ገጽ ታትሟል፤ ኬብሉ የተነቀለበት ሰዓትም ይጻፋል።

ባለፈው ሙከራ 29ኙ ዝም ሲሉ አንዱ መለሰ። ከአንደኛው ተከራይ ወደ ካሜራዎቹ ቪአርኤፍ የሚወስድ ራውት ነበር፤ ከወራት በፊት አንድ የበር መቆጣጠሪያ ሲተከል ባለሙያው ከተከራዩ ክፍል ሆኖ እንዲያስተካክለው ለአንድ ከሰዓት በኋላ ብለን የከፈትነው፣ ከዚያም ማንም ያልዘጋው ነው። ራውቱን አነሣነው። በመዝገባችን ላይ ከየማገናኛ ራውቱ አጠገብ የከፈተው ሰው ስምና ምክንያቱ ብቻ ይጻፍ ነበር፤ አሁን የሚዘጋበት ቀን የሚል አንድ ተጨማሪ ዓምድ አለ፤ እሱ ሳይሞላ ራውት አንከፍትም።